ትምህርት ሲዘጋ ፎገራ ደረቅ ነበር

ባለፈው ሰሞን ለልቅሶ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ መኪና ለመቀየር ወረታ መገንጠያው ላይ ወረድኩ። ባጃጁ ይጮሃል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ የጭነት መኪናው ጭስ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ሽታ ጋር ተደባልቋል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት አጠገቤ አረፍ አለች። ከነጠላዋ የሱዳን ሽቶ ሸተተኝ። ያ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው፣ ወፍራሙ፣ አንዴ ጨርቅ ላይ ካረፈ ሦስት እጥበት የማያስለቅቀው ነው። "ከመተማ ነሽ?" አልኳት። "በምን አወቁ?" አለችኝ። "በሽቶሽ" ብላት ሳቀችና የባሏ እህት ከማዶ እንደምትልክላት ነገረችኝ። ልጆቿን ጠየቅኋት። ትልቋ እዚሁ ወረታ አያቷ ዘንድ ትማራለች፣ ትንሹ ግን ወዲያ ማዶ አክስቱ ዘንድ ነው። "የማዶው መቼ ነው የሚዘጋለት?" አልኳት። "እንጃ አባቴ፣ ሲዘጋ ይመጣል" አለችኝ። መኪናዬ መጣ፣ ለምን እንደጠየቅኋት ሳልነግራት ተለያየን።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በዘጋቢነት ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ መጻፍ ልማዴ ስለሆነ እዚህም እንዲያው አደርጋለሁ። በልጅነቴ ወረታ ማለት አንድ መገንጠያ፣ ሁለት ረድፍ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ጠጅ ቤት፣ ከመንገዱ ባሻገር ደግሞ ኖራ የተቀባ ረጅም አዳራሽ ነበር። አዳራሹ ትምህርት ቤታችን ነው። ደጁ ላይ ካለው ዋርካ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ በብረት ሲመታ እስከ ገበያው ይሰማል። ዶሮ በስሙኒ ይሸጥ ነበር፤ ወግ የሚያውቅ ሰው ጨምሮ ዕንቁላል ያስመርቃል። የካኪ ቁምጣ ልብስ ሰፊው ዘንድ በሁለት ብር ከነእጅ ዋጋው ይለበሳል። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ ጭቃ ላይ ሲደርስ አውልቆ ብብቱ ሥር ይይዘዋል። ከጠጅ ቤቱ የማሲንቆ ድምፅ የማይጠፋ ሲሆን ከግጥሙ ግማሹ ስለ ሴት፣ ግማሹ ስለ ጠመንጃ ነው። ዛሬ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆኗል። ያኔ ሩዝ የሚባል ነገር በስምም አናውቅም ነበር፤ ሜዳው የጤፍ፣ የኑግ፣ ከሁሉም በላይ የከብት ነበር።

ፎገራ በክረምት ሜዳ መሆኑ ይቀራል። ረብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ መንደሩ ከመንደሩ በውሃ ይለያያል፣ ሰው ከጎረቤቱ በደንገል ታንኳ ይጠያየቃል። በጥቅምት ውሃው ይሸሻል፣ እርጥቡ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ችግሩ ውሃው ሲሸሽ ድንበሩንም ይዞት መሄዱ ነው። የወሰን ድንጋዩ በደለል ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ሽማግሌ ተሰብስቦ በጠፍር እየለካ ወሰኑን እንደገና ይተክላል። በየዓመቱም አንድ ሰው ይሞታል ማለት ይቻላል፤ ይህን የምለው በልማድ ነው፣ ቆጥሬ አይደለም። አንድ ዓመት የሞተው አባቴ ነበር። ጠፍሩን በአንድ ጫፍ ይዞ ጎንበስ እንዳለ ቢምረው የሚባለው ወሰንተኛችን ውጅግራ በሚባለው አሮጌ ጠመንጃ ከብብቱ ሥር መታው። እኔና ታላቅ ወንድሜ አዳነ ምሳ ይዘን መጥተን ከሃምሳ ክንድ ያህል ርቀት ቆመን ነበር። አባቴ ጠፍሩን አልለቀቀም። በግንባሩ ጭቃው ላይ ተደፋና ጠፍሩን ወደ ደረቱ ጎተተው፣ በሌላው ጫፍ የያዙትም ሽማግሌ አብረው ተንበረከኩ። ሲገነዙት ጠፍሩን ከእጁ ለማውጣት ጣቱን መስበር አስፈልጓል። ቢምረው ሸፍቶ ቆላ ወረደ። አራት ወንድሞቹና ልጁ ሲሳይ ግን እዚያው ቀሩ።

በአገራችን ሕግ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የታወቀ ነው። ደሙን የሚመልሰው የሟች የበኩር ልጅ ነው። ስለዚህ የገዳይ ወገን ልጁ ሳያድግ ቢገድለው ይመርጣል። አዳነ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ሲሳይ ደግሞ የአዳነ እኩያ ነው፤ አንድ ክፍል ነበሩ፣ ያውም ከኋላው ባለው አግዳሚ ላይ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ሲሳይ በጣቱ የአዳነን ማጅራት ከግራ ወደ ቀኝ ያሰምርበት ነበር። አዳነ ዞሮ አያውቅም። አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ የቢምረው ወንድሞች ድልድዩ ሥር ጠብቀው ግራ ክንዱን በሽመል ሰበሩት። እኔን አንደኛው በአንገቴ ይዞ አቆመኝ፣ "ይህ ገና ነው፣ ይደርሳል" አለና ለቀቀኝ። ወጌሻው ክንዱን ሲጠግን አዳነ ጨርቅ ነክሶ ነበር፣ ጨርቁ ተበጠሰ።

በዚያው ሳምንት የአባቴ ወንድም አያ ፈንታ የአባቴን ምንሽር ይዞ መጣ። ምሰሶው ላይ አስደግፎት ተቀመጠ።

"ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ይችለዋል" አለ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጅብ ገድያለሁ።"

"ጅብ ወንድም የለውም አያ ፈንታ" አለች እናቴ። "ቢምረው አራት አለው።"

"ታዲያ እስከ መቼ ቀሚስሽ ሥር ታኖሪዋለሽ?"

"ቀሚሴ ሥር አይቀመጥም። መተማ እልከዋለሁ፣ አክስቱ ጥሩ ዘንድ። እህታችሁ አይደለች? ከነወንድሙ ይማር።"

"ምን ሊማር? ግመል መጎተት?"

"አንቱ አያ፣ ግመል ጎታች ድንበር ላይ ተገድሎ ሲቀበር አይቻለሁ? ሞፈር የያዘውን ነው የቀበርኩት።"

አያ ፈንታ ሳቀ፣ ሳቁ ግን አልዘለቀም። "ቀርቶ ቢቀርስ? ደሙ ይረሳ?"

"ይመጣል። ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል። ተማሪ የሚለቀቀው በክረምት ነው፣ በክረምት ፎገራ ባሕር ነው። በዚያ ጭቃ ደመኛ ቀርቶ በቅሎም አይሄድ። በታንኳ አስመጥቼ አየውና በታንኳ እመልሰዋለሁ።"

እናቴ ያወጣችው ሒሳብ ይህ ነበር። ጥሩ ሒሳብ ነው። ወረታ ያለ ማንኛውም ሰው ከዚህ የተሻለ አያወጣም፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት በሰኔ እንደሚዘጋና በመስከረም እንደሚከፈት የማያውቅ አልነበረም።

በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠን በጎንደር፣ በጭልጋ አድርገን መተማ ወረድን። አክስቴ ጥሩ ከብዙ ዓመት በፊት ዑስማን የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ አግብታ ከወሰኑ ወዲያ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ገላባት ትኖር ነበር። መተማና ገላባትን የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ አንድ ሸለቆ ነው። ወዲህ ያለችው ሴት እሳት ስታጣ ወዲያ ካለችው እህቷ ትጭራለች። ወዲህ ያኔ የሚረባ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ ወዲያ ግን ነበር። ጧት ጧት ሸለቆውን የሚሻገሩት ልጆች ሁሉ ማዶ አክስት ወይም አጎት ያላቸው ናቸው። ሰፈሩ እንደሚለው አክስት ያለው ይማራል፣ አክስት የሌለው ሰሊጥ ያጭዳል። ዑስማን ነጭ ጀላቢያ ከነሸራ ጫማው ገዝቶልን ወደ መምህሩ ወሰደን። መምህሩ "የማን ልጆች ናቸው?" አለው። "የሚስቴ ወንድም ልጆች። ሥጋዬ ናቸው" አለ ዑስማን። "አረብኛ ያውቃሉ?" "እኔ ስጮህባቸው ይገባቸዋል" ሲለው መምህሩ ከት ብሎ ሳቀና ተቀበለን።

ሰላም አገር ነበር ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት በየቀኑ እንደባደብ ነበር። "ሐበሻ፣ ሐበሻ" እያሉ ከበው ይገፉናል፣ አዳነም ያ የተጠገነው ክንዱ ሳይጠና በእሱው ይማታ ነበር። የአንዱን ልጅ ሁለት ጥርስ አወለቀ። መምህሩ በጉማሬ አለንጋ ውስጥ እግሩን ሲገርፈው አልጮኸም፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካንም። ትምህርቱን ግን እንደተራበ ሰው ያዘው። ቁጥር ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ ዑስማን የሰሊጥ ሚዛኑን ትቶ እሱን ይጠይቅ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዕረፍቶች አረብኛችን እንዲጠና ብሎ ዑስማን ሰው ቀጥሮ አስጠናን። በሁለቱም ክረምት እናቴ ታንኳ ልካ መንገዱ ዳር ስታስጠብቅ ከርማለች፤ ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። በሦስተኛው ዓመት አዳነ አንደኛ ወጥቶ ገዳሪፍ ካለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ቦታ ተያዘለት። ከገላባት ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ ያለፉት። አክስቴ ያን ቀን እልልታዋን አቅልጣ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። "እናታችሁ ትምህርት ሲዘጋ ላኪልኝ ብላኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቀማኋት። ገዳሪፍ ሳይሄድ ትየው" አለች። ትምህርት ተዘግቶ ነበርና በነጋታው ጫነችን።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። የማዶው ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሙቀቱ ሲከር ነው፣ የሚከፈተው ዝናብ ሲጥል። ለአክስቴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ነው። እናቴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዓመት መኖሩን አታውቅም። በሁለቱ ሴቶች መካከል ትምህርት ሲዘጋ የተባለው ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር፣ ማንም አልመረመረውም።

ወረታ የደረስነው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሜዳው ደርቆ ተሰንጥቋል። ረብ ከጉልበት በታች ነው፣ ፈረስ ሳይቆም ይሻገረዋል። ሠርጉ የደራበት፣ ሰው ያለ ሥራ የሚውልበት፣ ሽፍታ ሚስቱን ለማየት ከቆላ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እናቴ በር ላይ ስታየን አልሳመችንም። አዳነ አድጎ የጎጆውን በር አክሎ ነበር። "ማን ላካችሁ?" አለች።

"አክስቴ። ትምህርት ተዘጋ" አለ አዳነ።

"በሚያዝያ?"

"በሚያዝያ ነው የሚዘጋው እማ።"

ወደ ውስጥ አስገብታን በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ነው የሳመችን። "የነ ሲሳይ ትምህርት ቤት ክፍት ነው" አለች። "ልጁ መገንጠያው ላይ ነው የሚውል። አይቷችሁ ይሆናል።" በነጋታው ወደ ጎንደር በምትወጣው የመጀመሪያዋ መኪና ልትመልሰን ቆረጠች።

አያ ፈንታ ግን ያንኑ ቀን ሰምቶ መጣ፣ ምንሽሩንም ይዞ። "እግዜር ነው ያመጣው" አለ። "ቢምረው ሴት ልጁን ሊድር ከቆላ ወጥቷል። ነገ ማታ ዳስ ውስጥ ነው።" አዳነ ገዳሪፍ ቦታ እንደተያዘለት ነገረው። አያ ፈንታ አልቃሾቹ በየተዝካሩ የሚያወርዱትን ግጥም፣ እሱ ራሱ ሦስት ዓመት ሲሰማው የኖረውን፣ ቀስ ብሎ አለው።

አባቱን ገድለውት በጥቅምት ጭቃ ላይ፣
ልጁ ማዶ ሄዶ ፊደል ይቆጥራል ወይ።

"ይህን በየልቅሶው የምሰማው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም" አለው።

አዳነ መሬት መሬት እያየ፣ "አያ፣ እኔ አባቴን አልረሳሁም። ግን እሄዳለሁ" አለ። እናቴ ተነስታ ስንቃችንን ትቋጥር ጀመር። ያ ቃል በዚያ ቤት እንዲነገር ሦስት ዓመት ከልጆቿ ተለይታ ኖራለች።

በማግስቱ ጧት መገንጠያው ላይ ነበርን። ወደ መተማ በርበሬ የጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ቆማለች፣ አዳነና እኔ ጆንያው ላይ ወጥተናል፣ እናቴ ከታች የአዳነን እግር በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። አያ ፈንታም ምንሽሩን ጋቢው ሥር ይዞ መጥቷል። "እስክትወጡ ልጠብቅ" ነበር ያለው፤ ኩርፊያውም፣ ፍቅሩም አብሮት ነበር። መኪናዋ በዚያ ሰዓት መሄድ ነበረባት። ሆኖም አንድ ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታው እየለጠፈ ነበር። ከመንገዱ ባሻገር ቸርኬው ተደወለ። ተማሪዎቹ በካኪ ልብሳቸው ተሰለፉ። ከሰልፉ ሲሳይ አንገቱን አስግጎ ጆንያው ላይ ያለውን ወንድሜን አየ። ከሰልፉ ወጣ። መምህሩ ሲጠራው አልተመለሰም።

"ጌታዬ፣ ጎማውን ቶሎ በል" አለች እናቴ ለጎሚስታው።

"እትዬ፣ ሙጫ ነው፣ ሲደርቅ ነው የሚይዝ" አላት።

ሲሳይ ከሁለት አጎቶቹ ጋር ተመለሰ። የመጀመሪያው ጥይት የአዳነን ጎን ስቶ ጆንያ መታ፣ በርበሬው እንደ ቀይ ጢስ ቦነነ። ሁለተኛው አያ ፈንታን ጉሮሮው ላይ አገኘው። ለመናገር አፉን ከፈተ፣ ደሙ በአፉ መጣ፣ በጉልበቱ ወርዶ ጎማው ላይ ተደገፈ፤ ምንሽሩ ከጋቢው ወጥቶ መንገዱ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም ይስላል፣ ሁሉም ዓይኑን ያሻል። አዳነ ከጆንያው ዘሎ ወረደ። እናቴ "አዳነ" ስትል ሰምቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ምንሽሩን አነሳና ወደሚስለው ሰው ተኮሰ። በርበሬው ሲረግብ ሲሳይ በጀርባው ተጋድሟል። አንድ ክንዱ ዓይኑን እንደሸፈነ ነበር፣ የካኪ እጅጌውም በደም ርሶ ጠቁሯል። አጎቶቹ ሸሽተዋል።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ሥራዬ ሰው መጠየቅ ከሆነ በኋላ፣ ያን ጎሚስታ አግኝቼዋለሁ። ሲሳይ መሣሪያ ይዞ እንደነበር ጠየቅሁት። "ምንም አልያዘ" አለኝ። "በጣቱ ሊያሳያቸው ነው የመጣ። እስክሪብቶው እንኳ ከኪሱ አልወጣ።" ያባቴን ገዳይ ቢምረውን ማንም አልነካውም። ሴት ልጁን ሊድርበት የጣለው ዳስ በዚያው ማታ የልቅሶ ድንኳን ሆነ፣ እሱም ከሰው ሁሉ በኋላ አልጋው ላይ ሞተ። አዳነ ቆላ ወርዶ ሁለት በጋ ቆየ። በሁለተኛው በጋ ረብ መሻገሪያ ላይ የመንግሥት ነጭ ለባሾች ከበቡት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። አስከሬኑን ሦስት ቀን ገበያ መሐል አቆሙት። ዕርቁ የወረደው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው፣ የሚገዳደል ወንድ ሲያልቅ።

ወደዚያች ጧት ልመለስ። አዳነ ምንሽሩን እንደያዘ ሲሳይን ቁልቁል አየው። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር፣ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ስለዚህ አልጽፍም። ከዚያ ወደ ረብ ሮጠ። ሾፌሩ ግማሽ የተለጠፈውን ጎማ ራሱ አሰረና "ምስክር ተብዬ እስር ቤት አልከርምም" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ልወርድ አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር። እናቴ እግሬን ይዛ ወደ ላይ መለሰችው። እጇ ላይ የአያ ፈንታ ደም ነበር።

"ውጣ" አለች። "ከእንግዲህ በኩሩ አንተ ነህ። እዚህ አትታይ።"

"እማ፣ ዝግ ነው። ትምህርት የለም" አልኳት።

"በሩ ላይ ተቀመጥ።"

ለስንት ጊዜ እንደምቀመጥ አልነገረችኝም። ጊዜውን እኔው ኋላ ቆጥሬ ደረስኩበት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ፎገራ ደረቅ ነው። ፎገራ በውሃ ሲሞላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ወደ ቤቴ የምመለስበት ወር በዓመቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ እናቴን አላየኋትም።

ገላባት ደርሼ የሆነውን ለአክስቴ ነገርኳት። መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች፣ "ላኪልኝ ብላኝ፣ ላኪልኝ ብላኝ" ትል ነበር፤ ዑስማንም እጇን ለመያዝ እየታገለ አብሯት አለቀሰ። እኔ በማግስቱ ጀላቢያዬን ለብሼ ሄድኩና በተቆለፈው በር ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ ግቢው ውስጥ ፍየል እንጂ ሰው የለም። በየቀኑ ሄድኩ። ልጆች መጥተው ያዩኝና ይሄዳሉ። አክስቴ ውሃ ትልክልኛለች። ሰኔ ተጋምሶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልም እዚያው ነበርኩ፣ አልተነሳሁም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሆነን ስንገባ ነው የሚያውቀን። በሩን ከፍቶ ወደ ኋላዬ መንገዱን ተመለከተና "ሌላውስ?" አለኝ።

"እኔ ብቻ ነኝ" አልኩትና ገባሁ።